«ምልክት» የሚባለው ዓምድ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ በመስተዋት የተለበጠ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። ሰው አጨበጨበ፣ ሥራ አስኪያጁ አቀፈኝ፣ ፎቶ ተነሣን። ቤቴ ገብቼ መነጽሬን አድርጌ ሳነበው «ለወይዘሮ ዘራ» ይላል። ስሜ ዘሐራ ነው። ምርጥ ዘር የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ግድም የሰው ስም ሳቃና የኖርኩትን ሴት፣ በመጨረሻ ስሜን ግስ አድርገው ሸኙኝ። በማግስቱ ሄጄ ስናገር ወረቀቱን የጻፈው ሰው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ ዘሐራ፣ አንድ ፊደል እኮ ናት!»

ከዚህች አነጋገር ጋር ስጣላ ነው ያረጀሁት። አንድ ፊደል ናት፣ አንድ ቁጥር ናት፣ አንድ መስመር ናት፣ ማን ያየዋል፣ በኋላ እናስተካክለዋለን። በኋላ የሚባለው ጊዜ ሲመጣ የሚጠሩት እኔን ነበር።

የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። ድርጅታችን ምርጥ ዘር፣ የእንስሳት መድኃኒትና የእርሻ መሣሪያ ለገበሬ የሚያከፋፍል የግል ንግድ ቤት ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ዋናው ቢሮና መጋዘኑ ሐይቅ፣ ቅርንጫፉ ውጫሌ። ስገባ «መዝገብ ያዥ» ይሉኝ ነበር፤ ስወጣ «የዳታ ጥራት ከፍተኛ ባለሙያ» ብለውኛል። ደመወዙ እንደ ማዕረጉ አልረዘመም፤ እሱን እንተወው። ሥራው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ነበር፦ የጻፍነው ነገር እውነት መሆኑን ማየት። ሲሉት ቀላል ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ አራጋው ናቸው። ከግሸን ግርጌ ካለ መንደር መጥተው ሐይቅ የኖሩ፣ ንግግር የማያበዙ፣ እስክሪብቷቸውን ለማንም የማያውሱ ሰው ነበሩ። መዝገብ ቤቱን ብቻቸውን ይዘውት ነበር። አዲስ መዝገብ ሲከፈት የመጀመሪያውን ገጽ ማንም እንዲነካባቸው አይፈቅዱም። እዚያ ገጽ ላይ ዓምዶቹ ምን ማለት እንደሆኑ አንድ በአንድ ይጽፋሉ። «ቀን ማለት ገበሬው ዘሩን የወሰደበት ነው፤ እኛ የጻፍንበት አይደለም።» «ጣሳ ማለት የመጋዘናችን ጣሳ ነው፤ የገበያው አይደለም።» «ቀበሌ ማለት ሰውየው የሚኖርበት ነው፤ መሬቱ ያለበት አይደለም።» ከታች ማን እንደጻፈውና ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራበት ያሰፍራሉ።

እኔ ያኔ ልጅ እግር ነኝ፤ ወረቀት ማባከን መሰለኝ። «ጋሽ አራጋው፣ ይኼን ሁሉ እኛ እናውቀው የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«እኛማ እናውቀዋለን» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «መዝገቡ ግን ከእኛ በኋላም ይኖራል።»

ደግሞ አይፍቁም ነበር። ሲሳሳቱ በቀይ አንድ ቀጭን መስመር ይሰርዙበታል፤ ከሥር ያለው መነበብ አለበት። ከዳር ስማቸውን ያኖራሉ። አንድ ጊዜ በምላጭ ስፍቅ አግኝተውኝ ምላጩን ከእጄ ወስደው በመስኮት ወረወሩት። «የተሳሳትነውም ይነበብ» አሉኝ። ሌላ ተቆጥተውኝ አያውቁም።

ከሁሉም በላይ የሚወዱት ግን የመጨረሻውን ዓምድ ነበር። ስሙ «ምልክት» ነው። ሌላ ቦታ የማይገባ ነገር ሁሉ እዚያ ይገባል። «ወንድሙ ይወስድለታል።» «ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለውም።» «ከሌላው ሰይድ ጋር እንዳይምታታ፤ ይኼኛው ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው ነው።» በእኛ አገር ሰይድን፣ መሐመድን፣ አሊን ከገበያ መሐል ብትጠሩት ግማሹ ሰው ዞሮ ያያችኋል። ጋሽ አራጋው ይህን ስለሚያውቁ ገበሬው ፊታቸው ቆሞ ሳለ ይጠይቁት ነበር፤ «አንተን ከሞክሼህ በምን ልለይህ?» ገበሬውም ይስቅና ይነግራቸዋል።

ጡረታ ሲወጡ መዝገብ ቤቱ በእኔ እጅ ገባ። ራስ ምታቴም ያኔ ጀመረ።

የመጀመሪያው ጣጣ የመድኃኒት ነው። የበግና የፍየል መድኃኒት ካርቶን ላይ ማብቂያው የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሐይቅ ያለነው ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰን እንጽፋለን፤ ውጫሌ ያሉት ካርቶኑ ላይ ያለውን እንዳለ ይገለብጣሉ። ዓምዱ አንድ ነው፤ «ማብቂያ ቀን» ይላል፤ በማን አቆጣጠር እንደሆነ የሚናገር ግን የለም፤ የመጀመሪያውን ገጽ መጻፍ ቀርቷልና። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የውጫሌው መድኃኒት በሙሉ ከሰባት ዓመት በላይ ዕድሜ ተጨመረለት። አንድ ቀን መጋዘን ገብቼ ካርቶኑን በእጄ ባላገላብጠው ኖሮ ያለፈበትን መድኃኒት ለሰው በግ ልንሸጥ ነበር። ለያኔው አለቃዬ ስነግራቸው «ሌላ ማን አየው?» አሉኝ። ስንት በግ እንደሚሞት አልጠየቁም። መድኃኒቱ ተቃጠለ፤ ውጫሌ ያሉትን ጠርቼ ስጮህባቸውም «ቀን ቀን ነው ብለን ነው» አሉኝ።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ከአዲስ አበባ የመጡ አሠልጣኞች ሦስት ቀን ሙሉ «ሜታዳታ፣ ሜታዳታ» ሲሉ ሰነበቱ። ስለ ዳታ የሚናገር ዳታ ነው አሉን፤ እያንዳንዱ ዓምድ ምን ማለት እንደሆነ፣ በምን እንደሚለካ፣ ማን እንደሞላው የሚገልጽ። ይኼማ የጋሽ አራጋው የመጀመሪያ ገጽ ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ። አሠልጣኞቹ ሲሄዱ ሜታዳታውም አብሯቸው ሄደ።

የቀረልን የማይታዘዝ ቅጽ ነበር። ሁሉንም ቦታ ካልሞላሽ አያልፍሽም። ገበሬው የተወለደበትን ቀን አያውቅም፤ ቅጹ ግን ይፈልጋል። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ሁሉንም መስከረም አንድ አስወለዷቸው፤ ዓመቱንም በግምት። ስልክ የሌለው ሰው ሲመጣ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ቁጥር ይጽፉለታል። አንድ ቀበሌ ሙሉ ሰው በአንድ ቀን ተወልዶ በአንድ ስልክ ያወራል! «ሐይቅ» እንኳ ሦስት ዓይነት ሀ ተጽፎበት ለኮምፒውተሩ ሦስት ከተማ ሆኖለት ነበር። ብጮህ ማን ይሰማኛል? «ባዶ ከሚሆን ይሻላል» ይሉኛል። አይሻልም! ባዶው ቢያንስ አላውቅም ይላል። የተሞላው ውሸት ግን አውቃለሁ እያለ ይዋሻል።

ይኼን ሁሉ ስል ንጹሕ የነበርኩ እንዳይመስላችሁ። የድሮውን መዝገብ ወደ ኮምፒውተሩ ስናዛውር ሥራውን የመራሁት እኔ ነኝ። «ምልክት» ለሚባለው ዓምድ ቦታ የለም ተባለ። አንድ ጊዜ «ኧረ ያስፈልጋል» አልኩ፤ «ወረቀቱ ውስጥ አለ አይደል?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዓምዱ ቀረ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አቶ ቢኒያም የሚባል ሥራ አስኪያጅ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። ምርጥ ዘር እንደልብ የማይገኝበት ዓመት ስለነበር ለአንድ ገበሬ አንድ ድርሻ ብቻ ተባለ። አቶ ቢኒያም ጠራኝና «እትዬ ዘሐራ፣ አንዳንዱ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመዝግቧል። ሥርጭቱ ሳይጀመር ዳታው ይጽዳልኝ። አንድ ሳምንት አለዎት» አለኝ። ስለ ድግግሞሹ ልክ ነበር። ስለ ሳምንቱ ግን መከራከር ነበረብኝ። አልተከራከርኩም፤ እንዲያውም እችላለሁ ብዬ ኮራሁ።

ቁጭ ብዬ ስሞቹን አመሳሰልኩ። ሀውንና ሐውን፣ አውንና ዓውን አንድ አደረግሁ። ስም፣ ቀበሌ፣ የልደት ቀን፣ ስልክ፤ አራቱ ከገጠሙ አንድ ሰው ነው ብዬ አንዱን አጠፋለሁ። በእያንዳንዱ ባጠፋሁት መስመር ቤት የጠረግሁ ያህል ደስ ይለኝ ነበር። በመሐል «ፋጡማ ሰይድ አሊ» እና «ፋጡማ ሰኢድ ዓሊ» መጡ። የአምባሰል አንድ ቀበሌ። ልደት መስከረም አንድ፣ ዓመቱም አንድ። ስልክ አንድ። የመጀመሪያዋን አጠፋሁ፤ ሁለተኛዋን አስቀረሁ። ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

አራቱም ማስረጃዎች እኛው ራሳችን የፈጠርናቸው እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። መስከረም አንድን እኔው ስሰድበው ኖሬ እኔው አመንኩት።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት ቀን፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ቢሮዬ ገባች። ጫማዋ ጭቃ ለብሷል፤ ከውጫሌ በሚኒባስ መምጣቷ ነው።

«ስም የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ እህቴ፣ አማን ነሽ? ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። «ፋጡማ እባላለሁ። ውጫሌ ሄጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ዘር ሰጪው ‹ወስደሻል› አለኝ። አልወሰድኩም አልኩት። ‹ፋጡማ ሰይድ አሊ አይደለሽም?› አለኝ። ነኝ አልኩት። ‹እንግዲያው ከትናንት ወዲያ ወስደሻል፤ ልትደግሚ ነው የመጣሽው› አለኝ። ከኋላዬ የቆሙት ጎረቤቶቼ ናቸው። ዘበኛው ክንዴን ይዞ አወጣኝ።» ዓይኔን እያየች ቀጠለች። «ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን ሳሳድግ የሰው ገለባ ነክቼ አላውቅም። ወላሂ አላውቅም። እኔ ሌባ ነኝ?»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። አንዲት ፋጡማ ብቻ አለች፤ ወስዳለች ይላል። ሌላዋን እንዳጠፋሁ ወዲያው ገባኝ፤ ማጥፋቴን ግን የሚያሳይ ቀይ መስመር የለም። ኮምፒውተሩ ላይ ያጠፉት ጨርሶ ይጠፋል። ያን ጊዜ አፌ ያመጣልኝን ሳስብ እስካሁን ያመኛል። «የተመዘገብሽበት ወረቀት አለሽ?» አልኳት።

አውራ ጣቷን ቀሰረችልኝ። «ጣቴን ይዤ መጥቻለሁ። ድሮ ያ ሽማግሌ ቀለም ቀብቶ አስፈርሞኛል። ፈልጊው።»

ሁለታችን መጋዘን ገባን። የድሮዎቹ መዝገቦች ከጆንያዎቹ ጀርባ ሸራ ተጥሎባቸዋል። ጠርዛቸውን አይጥ በልቶታል። አንድ አንዱን ስናነሣ አቧራው ሁለታችንንም አሳለን፤ ከሰዓት በኋላ ላይ የቀበሌዋን መዝገብ አገኘሁት። መስመሯ አለ። ሐምራዊ የጣት አሻራዋ አለ። በመጨረሻው ዓምድ፣ በጋሽ አራጋው እጅ፣ እንዲህ ይላል፦ «ባል የሞተባት፤ ከወንዙ ማዶ። ከወዲህኛዋ ፋጡማ ጋር እንዳትምታታ።»

ፋጡማ ማንበብ አትችልም። «ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት። መስመሩን በጣቷ ነካችው።

«እና ያ ሽማግሌ አውቆኝ ነበር» አለች። «ያላወቅሽኝ አንቺ ነሽ።»

መዝገቡን ታቅፌ አቶ ቢኒያም ዘንድ ገባሁ። አዘነ፤ ግን «ሥርጭቱ ተዘግቷል፣ ሪፖርቱም ተልኳል። ለሚቀጥለው ዓመት ቅድሚያ እንስጣት» አለኝ።

«የዘንድሮ መሬት እስከሚቀጥለው ዓመት ይቆያታል?» ብዬ ጮህኩ። በሥራ ዘመኔ አለቃ ላይ የጮህኩት ያኔ ነው። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ደብዳቤው ፊርማ ጠበቀ፣ ፈራሚው ደሴ ሄዶ ነበር። ዘሩ ከሐይቅ መጋዘን ወጥቶ ስትቀበል ዐሥር ቀን አልፏል። ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ሲያልፍባት ፋጡማ መሬቷን ለጎረቤት የእኩል ሰጥታለች፤ መሬት ጦም ከሚያድር ብላ። ስለዚህ የዚያ ዓመት ምርቷ ግማሹ የገባው ሰው ጎተራ ነው። ያን ማንም አልመለሰላትም፤ እኔም መመለስ አልቻልኩም።

ዘሩን በተቀበለችበት ሳምንት ቅዳሜ ጧት ጋሽ አራጋው ቤት ሄድኩ። ሐይቁ አጠገብ ጓሯቸውን ሲያጥሩ አገኘኋቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። እንጨቱን መሬት አስቀምጠው ሰሙኝ።

«ምልክት የሚለውን ዓምድ ማን አስቀረው?» አሉ።

«ቦታ የለውም አሉ።»

«ምን አሉ ብዬ አልጠየቅሁሽም።»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ አራጋው።»

«ሁለቱን ሴቶች ጠይቀሻቸው ነበር?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

«ሰው ሳትጠይቂ ሰው አጠፋሽ» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እንጨቱን አንሥተው፣ «ሴትየዋስ አሁን ምን ትላለች?» አሉኝ።

እሷ የምትለውንማ ነግራኝ ነበር። ሐይቅ መጥታ ዘሩን ስትቀበል «ዘሩስ የአላህ ነው፤ ይመጣል ይሄዳል» አለችኝ። «ስሜ ግን አማና ነበር፤ አንቺ ዘንድ አደራ የተቀመጠ። ያዋረዱኝ በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት መልሽልኝ።»

በውጫሌ የገበያ ቀን ሄድኩ። ለአቶ ቢኒያም «ለመስክ ሥራ» ብዬ አስፈቀድኩ፤ ውሸት አልነበረም። የመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሰው በተሰበሰበበት ቆምኩ፤ ዘር ሰጪው ጌታቸው አጠገቤ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ፋጡማ ነጠላዋን አጥብቃ ፊት ለፊታችን ቆመች። እናገረዋለሁ ብዬ የመጣሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ይህች ሴት ምንም አልወሰደችም» አልኩ። «ስሟን ከመዝገብ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጌታቸውም እኔ የጻፍኩትን ነው ያነበበው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ሊያግዙኝ ብለው መሰለኝ፣ «ኮምፒውተሩ ነዋ ያጠፋው፣ ልጄ?» አሉ።

«አይደለም፣ አባቴ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ።»

ጌታቸው ወደ ፋጡማ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። ሽማግሌው ዱዓ አደረጉ። ፋጡማ «አሚን» አለችና ወደ ገበያዋ ሄደች። አልሳመችኝም፣ አላመሰገነችኝም። ምንስ ብላ ታመሰግነኛለች?

ቢሮ ስመለስ በወሩ ሪፖርት ላይ «የዳታ ማጽዳት ሥራ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። አልፈርምም አልኩ። አቶ ቢኒያም ለመነኝ፣ ቀጥሎ አስፈራራኝ። «ያጠፋኋቸው በሙሉ እንደገና ካልታዩ፣ ምልክት የሚለውም ዓምድ ካልተመለሰ ስሜን አላኖርም» አልኩት። በኮምፒውተሩ ዓምድ መጨመር ሦስት ዓመት «አይቻልም» ሲባል የኖረ ነገር ነው፤ እምቢ ባልኩ በሳምንቱ ተቻለ። እኔንም በዚያው ሳምንት ወደ ውጫሌ አዛወሩኝ። ቅጣት መሆኑ ነው። በየጧቱ በሚኒባስ፣ ግሸን በሚነግሥበት ሰሞን ደግሞ ምእመናኑ መኪናውን ስለሚሞሉት ቆሜ እየሄድኩ፣ ቀሪውን የሥራ ዘመኔን እዚያ ጨረስኩ። ወረቀቱ ላይ ኖረው ኮምፒውተሩ ላይ የሌሉትን ስሞች አንድ በአንድ ፈለግሁ፤ ከፋጡማ ሌላ ያለአግባብ የጠፉ ሰዎችም ነበሩ። ሁሉንም መለስኳቸው። ከዚያ በኋላ እጄ ላይ ያለ መዝገብ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ሳይጠየቁ የተጣመረ ስም የለም። ሥራው ይጓተታል ብለው ሲያማርሩ ጆሮዬን አልሰጠኋቸውም።

በተከታዩ ዓመት፣ ሥርጭቱ ሳይጀመር፣ ሁለቱን ፋጡማዎች አስጠራኋቸው። በአንድ ቀበሌ ኖረው በስም ይተዋወቃሉ እንጂ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም። የወዲህኛዋ በዕድሜ ትንሽ ታንሳለች፣ ሳቂታ ናት፣ የልጅ ልጇን አዝላለች። የማዶዋ ያው ቁጥብ ናት። ሰው ቤት ይቀይራል፣ ወንዝም ይሻገራል፤ የእናት ስም ግን አይቀየርም ብዬ አዲስ ዓምድ ከፍቼ ነበር፤ ኮርቼበትም ነበር። በመጀመሪያው ገጽም ምን ማለት እንደሆነ ጽፌያለሁ።

«የእናትሽ ስም?» አልኳት የማዶዋን።

«የእናቴን ስም ጠይቆኝ የሚያውቅ ቢሮ የለም» አለች ገርሟት። ቀስ ብላ፣ ፊደሉ እንዳያመልጠኝ ብላ መሰለኝ፣ «ጦይባ» አለችኝ። ጻፍኩ።

ወደ ሌላዋ ዞርኩ። «ያንቺስ?»

የወዲህኛዋ ፋጡማ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ በሳቅ ይርገፈገፋል። «የእኔም ጦይባ ነው የምትባል» አለች።

«ያ አላህ!» አልኩና ራሴን ያዝኩ። ጌታቸው ከመጋዘን በር ላይ ሳቀ፤ የወዲህኛዋ ሳቀች፤ የታዘለው ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ። የማዶዋ ፋጡማ ብቻ አልሳቀችም። ጠረጴዛዬ ላይ ክርኗን አስደግፋ ወደ እኔ ቀረብ አለች።

«በይ እንግዲህ» አለችኝ፣ «ቀና ብለሽ መልካችንን እይው።»

እስክሪብቶውን አስቀምጬ አየኋቸው።